ላውንደሪ የገባው ማራገቢያ

ነይ ብርሃነሽ፣ እዚህ ተቀመጪ። አይ እዚያ አይደለም፤ እዚያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ወገብሽን ነው የሚይዝሽ። እዚህ፣ ከሂተሩ አጠገብ። ጫማሽ ውኃ አስገባ እንዴ? አዬ የኔ ልጅ... እንዳንቺ ብርዳሙን ዊኒፔግ የኖረ ሰው በቶሮንቶ በረዶ ይስቃል ሲሉ ሰምቼ ነበር። መጋቢት ገብቶም ይሄን ያህል ይጥላል ብለሽ አላሰብሽም፣ አይደል? ሻዩን ያዢ፣ እጅሽን ያሙቀው። ስኳሩ እዚያች ጣሳ ውስጥ ነው። ሽሮው ዛሬ ትንሽ ቀጥኗል፤ ተረኛዋ እኔ ስለሆንኩ ብትስቂም አልቀየምም። ቅዳሴው ረዘመብሽ? እኔ ግን አጠረኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ስለምውል፣ ቆሜ የማርፈው እሑድ ብቻ ነው።

ድምፄ ጮኸብሽ? ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ሂተር እንደ ባቡር ያጓራል፤ ጮክ ካላልኩ አትሰሚኝም። ደግሞ የተዋስነው የፈረንጆቹን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ ግድግዳው ድምፅ አይውጥም። እዚህ ያወሩት ነገር እዚያ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል ይላሉ። እኔ እንኳ ሞክሬው አላውቅም...

አንቺ ለማኅበራችን እንግዳ ስለሆንሽ ሰዎቻችንን ላስተዋውቅሽ ብዬ ነው። ስም ግን አልጠራም። ዐቢይ ጾም ነው፤ ንስሐ አባቴ ምላስሽንም አስጹሚው ብለውኛል። ስለዚህ ዛሬ ሥራዬ ማመስገን ብቻ ነው። ማመስገን ጾም ያስገድፋል እንዴ? አያስገድፍም። እንግዲያው ላመስግን።

አንዲት እህት አለችን... እንዴት ያለች አንጀተ ቡቡ መሰለችሽ! ለወፍ ታለቅሳለች። አትሳቂ አንቺ! እውነቴን ነው። ባለፈው መስከረም የፈረንጅ ሴቶች የወፍ ወዳጆች ማኅበር ገባች። ደረቷ ላይ የምትሰካው ዓርማ አላት፤ ሰማያዊ፣ ትንሽ ወፍ የተሳለበት። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው መነጽርም አላት፤ ሩቅ የሚያሳየው ዓይነት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ዳር ቆማ ትቆጥራለች። ዳክዬ ስንት፣ ዝይ ስንት... በዚያ መነጽር፣ ከወዲያኛው ዳር የቆመ ዳክዬ እግሩን ማንከሱን እንኳ ለይታ ታያለች አሉ። ይሄ ስጦታ ነው እኮ ብርሃነሽ! ሩቅ ማየት ለሁሉ ሰው አይሰጥም። ቅርብ ያለውንማ... አንድ ቤት ውስጥ፣ ከኪችኑ ቀጥሎ ያለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ማን ያየዋል? ለዚያ የሚሆን መነጽር ገና አልተሠራም መሰለኝ።

እኔንም መክራኛለች። ምን እላለሁ፣ እግዜር ይስጣት። የምሠራው ሬክስዴል ካለ የኮት ፋብሪካ ነው፤ የዳክዬ ላባ የሚሞላውን የክረምት ኮት ኪሱን እሰፋለሁ። ቤቴ ስገባ ልጄ ከፀጉሬ ላይ ላባ እየለቀመች "እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ልትበሪ ነው" ትለኛለች። እና በጥር፣ ብርዱ የከፋ ጊዜ፣ ባስ ውስጥ ተገናኘን። አጠገቤ ተቀምጣ፣ በለሆሳስ፣ ለኔው አዝና፣ "እትዬ፣ እርስዎ የሚሰፉት እኮ የወፎችን መከራ ነው" አለችኝ። ደነገጥኩ። አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን ስደፋ ደግሞ ዓይኔ ምን ላይ ያርፋል? የለበሰችው ኮት ኪስ ላይ። የኔ ኪስ! ማዕዘኑን ሦስት ጊዜ የምመላልሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ሁለቴ ነው። እጇን ብትከት የሠራተኛ ቁጥሬ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ታገኛት ነበር፤ አሥራ አራት። አልነገርኳትም። ለምን እነግራታለሁ? ሞቋት ነበር። ሰው ሞቆት ለወፍ ሲያዝን ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ለገና ደግሞ ቤቷ ሄድን። በረንዳዋን ብታዪው! ለወፎቹ የሱፍ ፍሬ በማንጠልጠያ፣ ለውዝ በመረብ፣ ውኃው እንዳይበርድባቸው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሳህን። እርግብ ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ባላባት ተንደላቋል። ውስጥ፣ አማቷ የሚያድሩበት ክፍል ስገባ መስኮቱ ላይ ምን ተለጥፎ አገኘሁ? ጭልፊት! ከጥቁር ወረቀት የተቆረጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ጭልፊት፣ አራት። ወፎቹ መስታወቱ ክፍት ሰማይ መስሏቸው እንዳይጋጩ ነው አለችን፤ ጭልፊት ሲያዩ ይሸሻሉ። እውነቷን ነው፣ ኋላ ልጄም እንደዚያ አለችኝ። አሮጊቷን ግን ማን ያስረዳቸው? ማለዳ ሲነቁ አራት ጭልፊት ከበላያቸው ቆሟል። ሁለት ወር ሙሉ እያማተቡ ነው የተነሡት። "የመጣብኝ ነገር ምንድነው?" ብለው እኔን ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? የምራትዎ ደግነት ነው አልኳቸው...

ስለ ፋሲካው ስብሰባስ ሰምተሻል? አልሰማሽም! ኮሚቴው ለፍስክ ስንት ዶሮ እንግዛ ሲል እህታችን ተነሣች። ዘንድሮ ዶሮ ይቅር፣ በምስር እንፈስክ አለች። ኋላ አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ እኚያ ከዘራ የሚይዙት፣ እዚያ ግድም ነበሩ ዛሬም፣ ቀስ ብለው ቆሙና "ልጄ፣ እኔ ሃምሳ አምስት ቀን የምታገሠው ለምስር ነው እንዴ?" አሏት። ውይ በማርያም! ወንበር ላይ የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም ተንፈራፈረ። እሷ ግን አልተቀየመችም፣ አዘነችልን። ግን እስቲ አስቢው... እኛ በየዓመቱ ሃምሳ አምስት ቀን ዶሮ ሳንነካ፣ እንቁላሉን እንኳ ሳንነካ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሳይቆጠር፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ኖረናል። አንድም ሰው ዓርማ ሰክቶልን አያውቅም። እሷ በስድስት ወር አገኘች። ይሄ መታደል ነው።

ዛሬ ቅዳሴ ላይ ዲያቆን ሳሙኤል ሲያስነጥስ ሰማሽ? ሁለት ጊዜ! ወንጌሉን ይዞ ሊያሳልመን ሲመጣ። ጉንፋን መስሎሽ ይሆናል። እህታችን ናታ! ነጠላዋን ተከናንባ፣ በነጠላው ላይ ኮፍያዋን ደፍታ፣ ሥርዓቱንም ፋሽኑንም ሳትበድል ቆማለች። ኮፍያው ሰማያዊ ነው፣ ብሉር ጎዳና ላይ ካለ የድሮ ዕቃ መሸጫ የተገዛ። የዛሬ ሰባ ሰማንያ ዓመት የነበሩ ወይዛዝርት የደፉት ነው ብላናለች። ከጎኑ ነጭ ላባ ቆሟል፤ የሳሳ፣ ሰው ሲተነፍስበት የሚንቀጠቀጥ። ወንጌሉን ልትሳለም ጎንበስ ስትል ላባው በቀጥታ የዲያቆኑ አፍንጫ ውስጥ! ምስኪን ልጅ፣ ወንጌሉን እንዳይጥል ታግሎ እንባው ወረደ። አባ ዞረው አዩት። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎረስኩት። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ተመስጬ የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን ዳበሱኝ...

ታዲያ ያ ነጭ ላባ የምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማን አሳወቀኝ? እሷው! በየካቲት ኢቶቢኮ ላይብረሪ ማኅበሯ ግድግዳ ላይ ስላይድ ያሳያል ብላ ሁላችንንም ጋበዘችን። የሄድነው እኔና ልጄ ብቻ ነን፤ ልጄ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። የምታስረዳው አንዲት ቀጭን አሮጊት ፈረንጅ ነበረች፤ ድምፅዋ እንደ መነኩሴ ዝግ ያለ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ አለች፣ የሀብታም ሴቶች ኮፍያ ላይ ላባ መሰካት ፋሽን ነበር። ላባ ብቻም አይደለም፤ ክንፍ፣ ጭንቅላት፣ አንዳንዴም ወፉ እንዳለ። ከሁሉ የተወደደው የነጩ ወፍ ላባ ነው፤ እኛ አገር ከብት የሚከተለው፣ ሳቢሳ የምንለው፣ የዚያ ዘመድ። ያ የሳሳው ላባ የሚያምረው መቼ መሰለሽ? ወፉ ጎጆ ሠርቶ ጫጩት ሲያቅፍ ነው። አዳኞቹ እናቲቱን ጎጆዋ ላይ እንዳለች ይገድሏታል፣ ላባዋን ገፈው ሥጋዋን ጥለው ይሄዳሉ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ይጠብቃሉ... ከዚያ ዝም ይላሉ።

አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ኋላ ደግሞ ሴቶች፣ ሴቶች እኮ ናቸው ብርሃነሽ፣ ተሰብስበው ሻይ እየጠጡ "እኛ ከእንግዲህ ይሄን አንደፋም" ተባባሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን አሳመኑ፤ ሕግ እስኪወጣ ድረስ አልተኙም። እንደ ጽዋ ማኅበር በይው። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሻይ ይሠራል ለካ አልኩ በልቤ።

ከዚያ አሮጊቷ የአንድ ኮፍያ ስላይድ አሳየች። ኮፍያው ጥቁር ነው። ላባው ግን... ግድግዳውን አየሁ፤ የፊተኛውን ወንበር አየሁ። ግድግዳውን... ወንበሩን... ልጄ ክርኔን ይዛ "እማዬ፣ እንዳትስቂ" አለችኝ። ፊተኛው ወንበር ላይ እህታችን ኮፍያዋን እንደደፋች ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች! በተንሰቀሰቀች ቁጥር ላባው ይርገፈገፋል። ከኋላዋ የተቀመጡ ፈረንጆች ግድግዳው ላይ ያለውን ይዩ ወይስ ፊታቸው ያለውን፣ ተቸገሩ። ሲያልቅ አሮጊቷ መጥታ ኮፍያውን አይታ አይታ "ቬሪ ኢንተረስቲንግ" አለቻት። እህታችን አመሰገነቻት። "ሌላም አለኝ" ብላ!

ሻዩን ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።

የላባው ካርቶን የተጀመረው ያን ዕለት ነው። ማኅበሩ በሚመጣው ቅዳሜ ዐውደ ርእይ አለው። ሰው በቤቱ ያለውን የላባ ጌጥ ያስረክባል፣ ጌጡ ከነታሪኩ ጠረጴዛ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ዳግመኛ ማንም እንዳያጌጥበት ይቃጠላል። ከኛ ሰው የመሰብሰቡን ኃላፊነት ማን ወሰደው? ይሄ ይጠየቃል? ያውልሽ ካርቶኑ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ሥር፤ የሙዝ ካርቶን። ነገ ጠዋት ይሄዳል።

እኔም ተመክሬ፣ ባለፈው እሑድ የልጄን የጆሮ ጌጥ ይዤ መጣሁ። ያ ልጆቹ ሁሉ የሚያንጠለጥሉት፣ ሮዝ ቀለም የተነከረ የዶሮ ላባ። ልጄ አኮረፈች። ለነፍስሽ ነው አልኳት። ቅዳሴ ወጥተን፣ ማንም ሳይኖር፣ ካርቶኑን ከፍተን ልንከት አየን። ምን አለበት? ሦስት የጆሮ ጌጥ፣ አንድ ትራስ፣ ትራሱን ማን እንደሰጠው እንጃ፣ አሁን በምን ይተኛ ይሆን... እና ከሥሩ አንድ ማራገቢያ። ኮፍያውን ፈለግሁ። እስከ ሥሩ ድረስ በእጄ ዳበስኩ። የለም። ለካ ኮፍያው ታሪክ ያለው ነው! የፈረንጅ ወይዘሮ የደፋችው ጌጥ፤ የኛ ሰው በእጁ የሠራው ግን ጭካኔ። ይሄን ለመለየት መማር ያስፈልጋል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ማራገቢያው ላይ ወረቀት ታስሯል፤ በእንግሊዝኛ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ። ልጄ አነበበችልኝ። "ከአፍሪካ የመጣ። ወፍ ተገድሎ የተሠራ። ባለቤቱ በፈቃዷ ያስረከበችው።" በፈቃዷ... እንዴት ያለ ቆንጆ ቃል ነው!

ማራገቢያውን ግን አውቀዋለሁ። የእኚያ ጭልፊት ሥር የሚያድሩት እናት ነው፤ የአማቷ። ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምድር ባቡር ነበሩ፤ ከአዋሽ ወዲያ ሐዲዱን በእግራቸው እየተከተሉ የሚጠብቁ። ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር ሜዳው ላይ ሰጎን የጣለውን ላባ ፈልገው አንድ ይዘው ይገባሉ። ለወንድ ጥቁር፣ ለሴት ግራጫ። ሰጎን ላባው ይረግፋል፣ እንደ ሰው ፀጉር። ማን ይገድለዋል? ሮጦ የሚይዘውስ ማነው? አምስት ጥቁር፣ ሁለት ግራጫ ሲሞላ ከዋንዛ እጀታ ጠረቡለትና በክር አስረው ለሚስታቸው ሰጡ። ከሰባቱ ልጆች ሦስቱ በአብዮቱ ጊዜ ከቤት ወጥተው ቀሩ። መቃብራቸው አይታወቅም። ያላቸው ላባቸው ነው። እናትየው በሰባ ስድስት ሱዳን ሲሻገሩ ማራገቢያውን ከመቀነታቸው ሥር፣ ሆዳቸው ላይ አስረው ነው የተሻገሩት። ስንቃቸውን ጥለዋል፣ እሱን አልጣሉም። አንደኛው ጥቁር ላባ ደግሞ እዚሁ ቶሮንቶ ነው ያለው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ይሰነብታል። አግብቷል። ጥሩ ሚስት ነው ያገባው... ሩኅሩኅ።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እኚህን እናት ልጠይቅ ሄድኩ፤ ዘጠነኛ ፎቅ ናቸው። ሦስት እሑድ ሲቀሩ ታመው ይሆናል ብዬ። አልታመሙም። ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው፣ በሁለት ጭልፊቶች መሐል አሾልቀው ታች መንገዱን ያያሉ።

"ምን ያያሉ እማማ?" አልኳቸው።

"የላውንደሪውን ሰውዬ" አሉኝ።

ለካ ማራገቢያው አቧራ ይዟል፣ ላውንደሪ ላስገባልዎ ተብሎ ነው የተወሰደው። ሦስት ሳምንቱ። "አንቺ፣ ይሄ አገር አንድ ማራገቢያ ለማጠብ ይሄን ያህል ይፈጅበታል?" ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበል? ጥሩ ላውንደሪ አይቸኩልም እማማ አልኩ። ዋሸሁ፣ በጾም። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግመው ሲጨርሱ ላባዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ የልጆቻቸውን ስም ይጠሩ ነበር፤ የሞቱትን ለነፍሳቸው፣ ያሉትን ለዕድሜያቸው። አሁን በጣታቸው ነው የሚጠሩት። "ጣቴ አሥር ነው" አሉኝ። "ሰባት ላይ መቆም አቃተኝ።"

...

ምራታቸውን እንዴት እንደሚመርቁ ደግሞ ብትሰሚ! "ለኔ ብቻ መሰለሽ፣ ለዕቃዬ እንኳ የምታስብ ልጅ ናት" ይላሉ። እንዲህ ያለ አማት ከየት ይገኛል? እኛ ብንሆን ነገሩን እናጣራ ነበር፤ እሳቸው ይመርቃሉ።

እና እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ... ተሳስታ ይሆናል። ሰው አይሳሳትም? የላውንደሪውን ከረጢትና የማኅበሩን ካርቶን አምታታቻቸው ይሆናል። እኔ ራሴ ዛሬ ሽሮውንና ውኃውን አምታትቻለሁ፣ ቀምሰሽዋል። እንዲህ ያለች ሰው ስሕተቷን ያወቀች ዕለት መቼ አስችሏት ትቀመጣለች? ለዳክዬ እግር የምታዝን ሴት ሰባት የሰው ልጅ ይቃጠል ትላለች? የባሏንም ላባ ጨምራ? እናንተዬ! ሴት ልጅ የገዛ ባሏን ለዐውደ ርእይ አውጥታ ታቃጥላለች? ወረቀትም ጽፋበት?

አባን እንኳ ገና አልነገርኳቸውም። ልብሰ ተክህኖ አውልቀው ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ እዚህ እኛ ጋ ነው የሚቀመጡት፣ ወንበራቸውን ይዤላቸዋለሁ። ያ የጭነት መኪና የሚነዳውም ዛሬ ከሰዓት ከዲትሮይት ይገባል። ትናንት ከመንገድ ኮል አድርጎልኝ "እናቴ ስልክ ላይ ድምፅዋ ደክሞብኛል፣ ምን ሆና ነው?" አለኝ። ነገ ስትገባ በአካል እነግርሃለሁ አልኩት። ምን ብዬ እንደምነግረው ገና አልወሰንኩም። አየሽ፣ ትዕግሥተኛ ነኝ፤ ነገር ከመናገሬ በፊት ማሰብ እወዳለሁ...

አንቺ... ዞር ሳትይ፣ በኩባያሽ ጫፍ በኩል ወደ መስኮቱ አየት አድርገሽ ንገሪኝ። ኮፍያው ወረደ? ወረደ! ወዴት ገባ? ካርቶኑ ውስጥ? ቦርሳዋ ውስጥ! ኧረ በፈጠረሽ ብርሃነሽ፣ አታስቂኝ፣ ሻዩ ትን ይለኛል። ይሁን፣ ቦርሳ ይግባ፤ ለዲያቆኑም ዕረፍት ነው። አሁንስ? ጎንበስ አለች? ካርቶኑ ሲጎተት የሰማሁ መሰለኝ። ምን አነሣች? ትራስ? አይደለም? ጥቁር ነው? ግራጫም አለበት? ቁጠሪልኝ እስቲ፣ ያንቺ ዓይን የልጅ ዓይን ነው። ቀስ ብለሽ... አትሳቂ አልኩሽ እኮ! ቁጠሪ።

ሰባት! ተመስገን፣ ተመስገን አምላኬ።

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች? አፍራ አይደለም፣ እዚያ የተሰቀለውን ሥዕል እያየች ነው። ሂጂ በይ፣ ሮጥ ብለሽ ተቀበያት። "እማማ ላውንደሪው ጨረሰ ወይ ብለዋል" በያት። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ። ሳቅሽን እዚሁ ዋጪና ሂጂ!

...

እሰይ የኔ ልጅ። ስጪኝ። ውይ፣ እንዴት ቀላል ነው... ሰባት ሰው እንዲህ ይቀላል? ይቺ ግራጫዋ ትንሽ ጎብጣለች፣ በእንፋሎት ትቃናለች። ክሩ ደኅና ነው። ወረቀቱን በጥሰሽ ስጪኝ፤ አይ፣ አትቅደጂው፣ ጥሩ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ይቀመጥ። ምናልባት ያ ልጅ የሚስቱን እጅ ጽሑፍ ማየት ቢያምረው። አሁን ከዚህ በቀጥታ ባስ ይዤ ዘጠነኛ ፎቅ ነኝ። ታጥቦ መጣ እማማ እላቸዋለሁ። ሁለተኛ ውሸት ነው፤ ዓርብ ለንስሐ አባቴ ሁለቱን አንድ ላይ እናገራለሁ። ስለ ሳቁም እናገራለሁ... ስለ ሳቁ ግን ንስሐ መግባቴን እንጃ።

ልትሄድ ነው እንዴ? ኮቷን ለበሰች? ኧረ አይሆንም! ሰው እንዲህ ያለ ደግ ሥራ ሠርቶ ሳይመረቅ ይወጣል? ተነሺ ብርሃነሽ፣ እጅሽን ዘርጊ። አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ እርስዎም ይነሡልን። በመስኮቱ በኩል ያላችሁም ባላችሁበት ቁሙ፤ ምርቃት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ስም አልጠራም። እግዜር ያውቃታል።

ለዚያች ሩኅሩኅ እህታችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሜን። ትዳሯን ያጽናላት፣ ቤቷን በበረከት ይሙላላት። አሜን በሉ እንጂ! ያንን ቁመናማ ልጇን፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባውን፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። አሜን። እሷንም ለእርጅና ያብቃት፤ ፀጉሯ ነጥቶ፣ ጉልበቷ ደክሞ፣ ልጇ ቤት ተቀምጣ የምትጦርበትን ቀን ያሳያት። አሜን። ያን ጊዜም ምራት ይስጣት... መልኳ እሷን፣ እጇ እሷን፣ አንጀቷ እሷን፣ ርኅራኄዋ ከእሷ ርኅራኄ በአንዲት ላባ እንኳ የማይበልጥ፣ ፍጹም እሷኑ የመሰለች ምራት ይስጣት!